ጥያቄ ዐሥራ ሰባት

ቺሎዌ ደሴት ላይ፣ በካስትሮ ከተማ፣
ከቆርቆሮው ጣራ ዝናቡ ሲሰማ፣
ኤድልሚራ ካርካሞ ምድጃ ተጠግታ
ፈተና ትጽፋለች፣ ደብተሯን ዘርግታ።

ሸምድዶ መድገምን የሚጠይቅ አይደል፤
"ይህ እውነት ከሆነ፣ ያ ይከተላል?" የሚል።
የልጅ ሐሳብ ከአንድ ዓረፍተ ነገር
ወደ ሌላው ሲሻገር
የት እንደሚሰናከል ለማየት ነበር።

አርባ ጽፋ ዐሥሩን ሰረዘች፦
አንዱ ቃሉ ከበደ፣ አንዱ መልሱን ሹክ አለ፣
አንዱን የከተማ ልጅ ብቻ ያውቀዋል ተባለ።
ሳንቲያጎ ያሉ ሦስት ሊቃውንት አዩት፤
"መለካት ያለበትን ይለካል" አሉት።
ፈረሙበት።

ዐሥራ ሰባተኛው እንዲህ ይነበባል፦
"ቀይ ባንዲራ ካለ ጀልባው ይታገዳል።
ዛሬ ቀይ ባንዲራ ወደቡ ላይ የለም።
ጀልባው ይነሣል ወይ?"
ሀ፦ ይነሣል። ለ፦ አይነሣም። ሐ፦ አይታወቅም።
የመልሱ ቁልፍ "ሀ" ነው። ማንም አልጠረጠረም።

ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ልጅ፣ ሰባት ትምህርት ቤት።
ውጤቱ ተለቅሞ አለቀ ሐሙስ ሌሊት።
አስተማማኝነቱ ዜሮ ነጥብ ሰማንያ ሦስት፤
ደስ አላት፣ ማቴዋን ቀዳች፣
ከዚያ ያቺን መስመር አየች፦
ሲቀነስ ዜሮ ነጥብ ሠላሳ አንድ።

በሌላው ሁሉ የቀናው እዚህ ላይ ስቷል፤
በሌላው ሁሉ የሳተው እዚህ አግኝቷል።
"ምን ነካቸው?" አለች።

ጠዋት ያኒና ማንሲያን አስጠራች፤
ስምንተኛ ክፍል፣ ከሠላሳ ሃያ ዘጠኝ ያገኘች።
"ለምን 'ሐ' አልሽ?"
ልጅቷ እርጥብ ጫማዋን እያየች፦
"ሕጉ የሚናገር ባንዲራው ሲሰቀል፤
ሳይሰቀልስ? ሞተሩ ቢበላሽ እንበል?
ናፍጣ ባይኖርስ? ካፒቴኑ ትናንት
ሰርግ አምሽቶ እንቅልፍ ቢጥለው በጠዋት?
ይከለክላል አለ እንጂ ይለቃል አላለም፤
እኔ እዚህ ወረቀት ላይ ካለው ሌላ አላውቅም።"

መምህርቷ ዝም አለች። ጆሮዋ ጋለ።
እርግጡን ከሚመስለው ልትለይ የለፋች
በዘረጋችው ወጥመድ እግሯን አገኘች።

ለሊቃውንቱ ጻፈች፦
"የሳተው ቁልፉ ነው፣ ልጆቹ አይደሉም።"
ሁለቱ አፈሩ። ሦስተኛው ግን
"ለእኔ አሁንም 'ሀ' ነው" አለ፣ ሌላም አልጨመረም።

ቁልፉን ቀየረች፣ ቁጥሩን እንደገና አሰላች፤
ሲቀነስ የነበረው ተደመረ፤ ያኒና ሠላሳውን ሞላች።

ወደ ማታ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ወደቡ ዳር ወረደች።
ቀይ ባንዲራ የለም። ነፋሱም ረግቷል።
ጀልባው ግን
ከነመኪናው፣ ከነሰዉ
እንደታሰረ ቆሟል።