አምስት ከመቶ ባዶ

ማክሰኞ ማታ፣ ዊኒፔግ። የፖርቴጅ መንገድ በረዶ ለብሷል፤
የእኔ ቦት ጫማ ግን የክፍሉን ምንጣፍ አርሷል።
ሃያ ሰባት ተማሪ ነን፦ ሃያ ስድስቱ ልጆች፣
አንዱ እኔ፣ የቦይለር ጠጋኝ፣ ዝገት ያልለቀቃቸው እጆች።

ፕሮፌሰር ሊንድግረን ሰሌዳው ላይ ሣጥን ሣለ፤
"ይህ ሕንፃ ነው" አለ።
በር የለው። ደረጃ የለው።
ጭስ ማውጫም የለው።
እኔ ሕንፃ የማውቀው ከምድር ቤቱ ነው፣ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣
የጋዙን ትንፋሽ አዳምጬ፣ ዝገቱን በጥፍሬ ዳስሼ።

"ሠላሳ ስድስት ቤት፣ ቀይ ጡብ፣ ሦስት ፎቅ። ኪራዩን ደምሩ፣
ወጪውን ቀንሱ፤ የተረፈው ነው የሕንፃው ምስጢሩ።
ከመቶ አምስቱን ባዶ ብላችሁ ያዙ ምንጊዜም፤
ሰው ይለቃል፣ ሰው ይሞታል፤ ቤት ጾሙን ያድራል አንዳንዴም።"

ጀማሪ ነኝ፤ የተባለውን ሁሉ እጽፋለሁ፤
"ካፕ ሬት" ሲል የኮፍያ ዋጋ መስሎኝ አልፌያለሁ።
"ወለድ" የሚለውን ግን አውቀዋለሁ ከስሙ ጀምሮ፦
ገንዘብ ሲወልድ ነው፣ ያለ ምጥ፣ ወሩ ብቻ ተቆጥሮ።

ከዚያ ሠንጠረዡ ተከፈተ።
መስመር አሥራ ዘጠኝ፦ የማሞቂያ ጥገና፣ በዓመት አራት ሺህ ዶላር።
ሳቄ አመለጠኝ።
ክፍሉ ዞሮ አየኝ።

"ሚስተር ውሸት?" አለኝ፤ "ብ"ዋ አፉ ውስጥ ገብታ አታውቅም።
"ውብሸት ነኝ። ውሸቱስ መስመር አሥራ ዘጠኝ ላይ ነው፤ አልደብቅም።
ቦይለሩ የስልሳ ሁለት ስሪት ነው ይላል፣ ገጽ ስምንት ላይ፤
የዕድሜ እኩዮቹን እኔ ሆዳቸውን ከፍቼ ነው የማይ፤
ቧንቧው አርጅቶ ያለቅሳል፣ ፓምፑ በጥር ይከዳል፤
አራት ሺህ ለማስነጠሱ ነው፤ ሲያስል መቶ ሺህ ይወስዳል።"

ጸጥታ።
ፕሮፌሰሩ አራቱን ሺህ ሰርዞ የእኔን ቁጥር ጻፈ፤
ሠንጠረዡ ከላይ እስከ ታች ተንቀጠቀጠ፣ ረገፈ፤
የሕንፃው ዋጋ ወረደ፣ ስድስት መቶ ሺህ ቀነሰ፤
"ግምት ማለት ይህ ነው!" ብሎ ትከሻዬን ዳሰሰ።
ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ? በአርባ አራት ዓመቴ
የተሰጠኝ ግምት እንደ ሙቀት ወጣ፣ ከእግሬ እስከ አናቴ።

ከኋላዬ ብራይስ እጁን አወጣ፦
"እንግዲያው በርካሽ እንገዛለን። ቦይለሩን እንቀይራለን።
ለዕድሳት ብለን እናስወጣለን። ኪራዩን በአርባ በመቶ እንጨምራለን።"

ሒሳቡ ይሠራል። ሠንጠረዡ አረንጓዴ ሆነ።

ገጽ አሥራ አንድ ላይ የተከራዮች ዝርዝር አለ፤
ስም የለውም፤
ሦስት መቶ አራት፣ ከሰማንያ ሰባት ጀምሮ፣ አንድ ሰው።
አንድ ሰው።
ሠላሳ ስምንት ክረምት ራዲያተሩ ላይ ካልሲውን እያደረቀ የኖረ፣
በቧንቧው መንኳኳት ሰዓቱን የሚያውቅ የነበረ።
ያኖረችው ያቺ ነበረች፣ አራት ሺህ የምትል ውሸት፤
እውነት ተናግሮ ያስወጣው፣
ውብሸት።

"ልምምድ ነው እኮ" አለችኝ ፕሪያንካ ደረጃው ላይ፤ "ሕንፃው የለም።"
የለም። አውቃለሁ።
ቤቴ ገብቼ ግን፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ራዲያተሬን ነካሁ፤
አንዴ አንኳኳ።
"ማን ነው?" ልል ምንም አልቀረኝ።

ለሚመጣው ማክሰኞ የቤት ሥራ አለብን፤
ስሙ ነው እንጂ፣ ቤት አይሠራበትም።
እኔ ግን በሠንጠረዡ ጀርባ ይህችን ሞነጫጨርኩ፤
ቤት መምታት አልተማርኩም፣ ቤት ማሞቅ ነው የለመድኩ፤
ሊንድግረን እንዳለው፣ ከሃያ ቤት አንዱን ባዶ ተውኩ፦

. . . . . . . . . . . . . . . .

ሦስት መቶ አራት ካልሲውን እዚህ ያድርቅ።