ቤት የማይመታ ቤት

በዌልስ ሸለቆ፣ ከሰል ባለቀበት፣
ኤሉነድ ገዛችው፣ የመጀመሪያ ቤት።
ጨረታ ላይ ነበር፤ ሳታይ ውስጡን ገብታ፣
በሦስት ፎቶግራፍ፣ በአንድ ሌሊት ፋታ።
ሃያ ዓመት ሙሉ ለትምህርት ቤት ምሳ
ድንች ስትልጥ ኖራ፣ ትሪ ስታነሳ
ያጠራቀመችው፣ የአክስቷ ውርስ ታክሎ፣
የባንኩም ብድር «እኔም አለሁ» ብሎ፣
አከራይ ሆነች።
እስከ ትናንት ማታ ተከራይ ነበረች።

በእኛ ቋንቋ ግጥም ቤት ይምታ ይባላል፤
ይሄ ቤት ግን ራሱ ቤት መምታት አቅቶታል፦
ወለሉ ወደ ግራ፣ ጣሪያው ወደ ቀኝ፣
በሩ ግጥም አይል፤ ደረጃው ሲረግጡት «ተዪኝ!» ይላል፣ «ተዪኝ!»
ከወጥ ቤቱ ጥግ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ፣
እንደ ሐሜት ጀምሮ እያደገ ያለ።

በፖስታ ጀርባ ላይ ሒሳቧን ጻፈች፦
ቀለም ይህን ያህል፣ ቧንቧ ይህን ያህል፣
በስድስት ሳምንት ተከራይ ይገባል።
ስድስቱ ሳምንት ዐሥራ ዘጠኝ ሆነ።
ብድሩ ሳምንት አያውቅም፤ ወር ነው የሚቆጥር፤
ቤቱ ባዶ ቢሆን ባንኩ አይቸገር።

የግድግዳ ወረቀት ላጠች፤ ከሥሩ ሌላ አበባ፣
ከዚያም ሥር ሌላ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ
የቀደመውን ደስታ ሸፍኖ የራሱን ለጥፎ ኖሯል።
ያጎቷ ልጅ ጋርሞን መጣና አየላት፤
«ችግር የለም፣» አላት፤
«በሲሚንቶ ለስኚው፣ በፕላስቲክ ቀለም ድፈኚው፣
እንኳን ውሃ ሐሳብ አያልፈው።»
ለሰነች። ደፈነች። ነጥቡ ከዓይን ጠፋ።
ጎረቤቷ ኢድዋል፣ የድሮ ግንበኛ፣ በደጅ ሲያልፍ አየና
«አፍነሽዋል፣» አላት፤ «ድንጋይም ይተነፍሳል።»
በልቧ፦ ሽማግሌ አዲስ ነገር ሲያይ ያማል።

ሴሪስ ገባች በኅዳር፤ የሌሊት ነርስ ናት፣
ማክሰን የሚባል ልጅ፣ አራት ዓመት የሞላው፣ አላት።
የመጀመሪያው ኪራይ በቀኑ ገባ። ኤሉነድ ስልኳን ደጋግማ ከፈተችው፣
እንደ ወጣ ሎተሪ ለሰው አሳየችው።

በጥር ነጥቡ ተመለሰ። ብቻውን አልመጣም።
ከአልጋው ጀርባ፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ ከማክሰን ደረት ውስጥም።
ሴሪስ መልእክት ላከች፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤
ስድብ የለበት፣ ልመና የለበት፦
«ኪራዩን ከፍያለሁ። የልጄ ሳል ግን ውሉ ላይ አልነበረም።»

ኤሉነድ ሄደች። መልሱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፦
«መስኮት እየከፈታችሁ!»
የራሷ አከራይ ስንት ክረምት የመለሰላት መልስ።
ዋጠችው። እንደ ትኩስ ድንች ጉሮሮዋን ፈጀው።

መሮና መዶሻ አነሳች። ዓመት ያልሞላውን ነጭ ኩራቷን
በቁራጭ በቁራጭ አወረደችው።
ሴሪስና ልጇ ሦስት ሳምንት በኤሉነድ ሳሎን ተኙ፤
ኪራይ አልተጠየቁም። ኤሉነድን ግን ባንኩ ጠየቃት፤ ባንክ አያፍርም።
ኢድዋል ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ፤ እጁ አልታዘዝ ቢለው በአፉ ለሰነ፦
«በኖራ። ቀጭን። ደግሞ ቀጭን። ውሃ እርጪበት። ጠብቂ።
ኖራ ሲያጣድፉት ይሰነጠቃል፣ እንደ አዲስ ሀብታም።»
«ያኔ ለምን አጥብቀህ አልነገርከኝም?»
«ሲሚንቶ የያዘ ሰው አይሰማም።»

አዲስ ፖስታ ገልብጣ ሒሳቡን እንደገና ጻፈች፤
ከቧንቧው በላይ፣ ከቀለሙ በላይ፣ አንድ መስመር ጨመረች፦
«ለማላውቀው ነገር።»
ከሁሉ ትልቁን ቁጥር እሱ ፊት አኖረች።

ግንቦት ላይ ግድግዳው ደረቀ። ወለሉ አሁንም ወደ ግራ ነው፤
ትርፉ፣ ትርፍ ከተባለ፣ የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ነው።
የላይኛው በር ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይንኳኳል፤
«አስተካክለዋለሁ» ትላለች ኤሉነድ፤ ቅዳሜ ያልፋል፣ ሌላም ቅዳሜ ያልፋል።
ሴሪስ ሰለቻት። የሚያዝያን የኪራይ ደረሰኝ
አራት ቦታ አጥፋ ከሥሩ ሸጎጠችበት፤
በሩ
ግጥም አለ።