ቤት ምታ

ዶሮ ማነቂያ ላይ፣ ከጋሽ ደምሰው ደጃፍ፣
ስድስት ቀለም ቆጠርን፣ በየጣታችን ጫፍ።
«ቤት ምታ!» ጮኸብኝ፣ ከሉካንዳው ማዶ፣
መድረሻዬ ቢቀር፣ ተንጠልጥሎ ባዶ።
ቃሉ ሳይገባኝ ነው፣ በመጀመሪያው ለት፣
በጠጠር ያጮህኩት፣ የገዛ ራሱን ቤት።

ሣቀና ሣቀና፣ «ይኸስ ጭቃ ነውና፣
ይፈርሳል፤ ስንኝ ግን፣ ቤት ሲመታ ጸና።»
ያኔ ለኔ ቃሉ፣ ሰም ብቻ ነበረ፤
ወርቁ ሥራ ፈትቶ፣ ሃያ ዓመት አደረ።

ዘንድሮ በታክሲ፣ ሳልፍ በዚያ ሰፈር፣
ቤቱን ዶዘር መቶት፣ ቀለሙን ሳይቆጥር፣
«ወራጅ አለ!» አልኩኝ፤ እንደ ልጅነቴ፣
ጠጠር ካጥሩ ግርጌ፣ ለቀምኩኝ በጣቴ።

ስድስት ቀለም ሞላ፤
የምመታው ቤት ግን