ተራ

ከፈረንጅ አራዳ ቁልቁል ሲወረድ፣
ከጎማ ጠጋኙ ማዶ ከመንገድ፣
የነዚፍ ጌም ቤት ነው፤ አምስት ኮምፒውተር፣
አንዱ የማይሠራ፤ ሰዓቱ ሃያ ብር።

ሦስተኛው ወንበር ላይ ንጉሥ እሆናለሁ።
ስምንት ሰዓት ላይ ድንጋይ እጠርባለሁ፣
ስምንት ከሩብ ሲል ነሐስ አቀልጣለሁ፣
ስምንት ተኩል ላይ መድፍ አሠራለሁ፤
ዘጠኝ ሳይሞላ ሮኬቴ ጨረቃ።
በሃያ ብር ታሪክ ተጀመረ፣ አበቃ።

ግን አንድ ነገር አለ የሚከነክነኝ፤
የብረት ዘመኑ ሳላየው አለፈኝ።
ቀጥቃጩ ተቀምጦ ወናፉን ሲነፋ፣
ባሩድ ደረሰና ምድጃውን አጠፋ።
አንድ ጦረኛዬን ልኬው ነበር ሩቅ፣
ወንዝ እንዲሻገር፣ ድንበር እንዲጠብቅ፤
እሱ ገና መንገድ፣ ዘመኑ ገሰገሰ፤
ጋሻ እንዳነገበ ከታንክ ፊት ደረሰ።

ዘመን ሲለወጥ መለከት ይነፋል፤
የሁሉም ሰው ልብስ በአንዴ ይቀየራል።
በእኔ ዕድሜ ግን ስንት ዘመን ሲያልፍ
አንድ መለከት የለ። ነበርኩ ወይ በእንቅልፍ?

ደግሞም ሕግ አለው፤ አንዱ ካንዱ ይወለዳል፤
ቧንቧ ሳይዘረጋ ስልክ ይከለከላል።
የእኛ ሰፈር ግን ተራውን ዘለለ፤
ስልኩ ቀድሞ ገባ፣ ቧንቧው የት አለ?
እህቴ መሬማ፣ ጀሪካን በጀርባ፣
በቪዲዮ ታወራለች አዌቱ ስትገባ።
ይህን በየትኛው ዘመን ልጻፈው?

«ጌም እኮ ነው» ይላል ነዚፍ፣ ብር እየቆጠረ፣
«ዘመን ካላጠረ ደንበኛ የት ኖረ?»

እኔ ግን አንድ ሌሊት ፋይሉን ከፈትኩት።
ለነሐስ አርባ ተራ፤ አራት ሺህ አልኩት።
ክረምት አስገባሁ፦ ጊቤ ሲሞላ፣
የአሞሌ ነጋዴ ይክረም ከኬላ።
እንሰት ተከልኩ፦ ቶሎ የማይደርስ፣
ስድስት ዓመት ይፍጅ እስኪፋቅ ድረስ።
ጀርባው የተላጠ በቅሎ አምስት ተራ ይረፍ፤
ያገባ ወታደር ለዓመት አይሰለፍ።

ቶፊቅ ሞከረው፣ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ።
ሁለት ሳምንት ሙሉ ማውሱን ቢነካካ፣
ዝናብ ብቻ አየ፣ ጭቃ ሲያቦካ።
«ምን ሆነ?» ስለው፣ «ምንም» አለኝ ልጁ፤
«ተራ፣ ተራ፣ ተራ። ወለዱ፣ አረጁ።
ሲሰለቸኝ ጊዜ ስም አወጣሁላቸው፤
አሁን ማንን ልላክ? ሁሉን ለመድኋቸው።»

ከጌም ቤቱ ደጃፍ አባ ጨብሳ አሉ፤
ከአንድ የዋንዛ ግንድ በርጩማ ይፈለፍላሉ።
መጥረቢያቸው የአያት፣ ስልካቸው የአምና፤
በባጃጅ ሄደ የሠሩት ትናንትና።
ተጠግቼ ጠየቅሁ፦
«አባ፣ እርስዎ በየትኛው ዘመን ላይ ነዎት?»
ቀና አላሉም።
«ሁለተኛው እግር ላይ ነኝ።»

ሐሙስ፣ በገበያ፣ ዝናብ ከጅሬን ወረደ፤
መብራቱ ድርግም አለ፤ ሦስት ትውልድ በአንዴ ሄደ።
«ሴቭ አድርገህ ነበር?» አለ ነዚፍ ፈርቶ።
ልጁ ዝም አለ፣ ጥቁሩን መስታወት አይቶ።

ኋላ በጨለማው ስማቸውን ጠራ፤
ባለ እንስራዋን፣ ሙሽራ ወታደሩን፣
ኬላ ላይ የከረመውን ነጋዴ፣ ያቺን አንካሳ በቅሎ፣
ሁሉንም በተራ።

ነዚፍ የዚያን ቀን ሒሳብ አልጠየቀም።
ከደጅ፣ ከቆርቆሮው ጥግ፣ ዝናቡ መሃል፣
መጥረቢያ ይሰማል፤ ከዚያ ዝምታ፤ ከዚያ መጥረቢያ።
ሦስተኛው እግር ነው።