ከዴስኩ ሥር

አምባ ጊዮርጊስ ላይ፣ ነፋስ በማይሰንፍበት፣
ሁለት ነው ያለን የመንግሥት ትምህርት ቤት፤
አንዱ አስፓልቱ ዳር ነው፣ «ላይኛው» ይሉታል፣
አንዱ ከወንዝ ማዶ፣ «ታችኛው» ይሉታል።
ሰዉ ሲያወዳድር በሠርግ በለቅሶ፣
ያንዱን ውጤት ጠርቶ፣ ያንዱን ስም አርክሶ፣
እኔ ዝም እላለሁ። እኔ የማውቃቸው
ከዴስክ ሥር ተንጋልዬ በሆዳቸው ነው፤
ሚስማር በጥርሴ ይዤ፣ ጣውላው ከፊቴ ላይ፣
መምህር ያላየውን እኔ ብቻዬን ሳይ።

የላይኛው ዴስክ ሆድ የደረቀ ማስቲካ፣
«ሀ፣ መ፣ መ፣ ለ፣ ሐ» ይላል፤ የፈተና መልስ ለካ
ከታላቅ ለታናሽ በውርስ ይተላለፋል።
ጥያቄው ተቀይሯል፤ መልሱ ግን ይጻፋል።

የታችኛው ዴስክ ሆድ ስም ብቻ ይዟል፤
አምስት ልጅ ባንድ ዴስክ፣ አምስቱም ቀርጸውታል፤
ስድስተኛው ጀምሮ «አስ» ላይ ትቶታል።
አስማረ ይሁን አስካለ፣ ማን ያውቃል?
አጨዳ ጠርቶት ይሆን፣ ተድራ ትሆን፣ ማን ይጠይቃል?

አላጋንን ደግሞ። ላይኛው መስታወት አለው፣
ሰማያዊ ቀለም፣ ቤተ መጻሕፍት አለው፤
ቁልፉ ግን ያለው ከጥሩዓለም ዘንድ ነው፣
እሷም ወልዳ ጎንደር ናት፤ ሦስተኛ ወሯ ነው።
ታችኛውም ቢሆን የጻድቃን አይደለም፤
ገበያ የዋለ 'ለት የሒሳብ መምህር የለም፣
ነጭ ሽንኩርት ሚዛን ላይ ቆሞ ይደምራል፤
ደመወዙ አይበቃም፤ ማን ይፈርድበታል?

የላይኛው ደወል የኤሌክትሪክ ነው፣
የታችኛው ደግሞ የአይሱዙ ቸርኬ ነው፤
ዘበኛው ቢያድግልኝ በብረት ሲመታው
ወንዝ ተሻግሮ ይሰማል አስፓልቱ ዳር ላለው።
መብራት በሄደ ቀን (መች ሳይሄድ ይውላል?)
ላይኛው ጆሮውን ወደ ታች ይጥላል፣
በታችኛው ቸርኬ ገብቶ ይወጣል።
ይህን ግን በሠርግ ቤት ማን ያነሳዋል?

የእኔም እጅ አለበት። ላይኛው ዴስኩ ሲሰበር
በጋሪ ይመጣል፣ ይራገፋል ከኔ በር፤
እግሩን አጥብቄ፣ ጀርባውን ቸንክሬ፣
«ላ» የሚለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ሽሬ፣
«ታ» እጽፍበታለሁ፣
ደረሰኝ እፈርማለሁ።
የላዩ ስብራት ለታቹ ሹመት ነው፤
የኔም እንጀራ ያለው ከሁለቱ መሃል ነው።

ዘንድሮ ትርንጎ ሰባት ዓመቷ ነው።
ቤታችን ከወንዙ ማዶ፣ ድርሻዋ ታችኛው ነው።
ፈንታነሽ ግን «ላይኛው!» አለች፤ «አክስቷ አድራሻ ትስጠን፤
አንድ ደብዳቤ እኮ ነው፣ ማን ይመረምረን?»
ደብዳቤው ወጣ። ክብ ማኅተም አረፈበት።
ሳምንት ሙሉ ኪሴ ውስጥ ላብ እየጠጣበት
የአክስቷ የቤት ቁጥር ሊጠፋ ምንም አልቀረበት።

«ታች ትግባ» እላለሁ፤ እኔስ የታች ልጅ አይደለሁ?
ግን ያቺን «አስ» የምትል ጭረት በጣቴ ዳስሻለሁ።
«ላይ ትግባ» እላለሁ፤
ማስቲካው ትዝ ሲለኝ መልሼ እተወዋለሁ።
በእጄ ያለው ሜትር ነው፤ ሜትር ቁመት ያውቃል፣
ዕድል ስንት እንደሆነ የቱ ጋ ተጽፎበታል?

ጳጉሜን ሁለት ማታ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ትርንጎ መጣችና፣ እኔ ስሠራ፣
ካልጨረስኩት ዴስክ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤
ያልደረሰ እግሯን ወዲያ ወዲህ ወዘወዘች።
«አባየ፣ ይሄ የማን ነው?» ቀለሙ ግማሹ ተፍቋል፤
«ላ» ገና አልጠፋም፣ «ታ» ገና ይጻፋል።
መልስ አልነበረኝም። ከእግሯ እስከ መሬት
ለካሁ፤ አሥራ አራት ሳንቲ። ጣውላ ቆረጥኩለት፣
እግር ማሳረፊያ መታሁ።
ቀለሙን ለነገ አልኩ፤ ብሩሹን ጋዝ ውስጥ ነከርኩ።

ቀና ስል የለችም። ከሥሩ ገብታለች፣
እንደኔ በጀርባዋ ተንጋላ ተኝታለች፣
ጣቷን ጣውላው ላይ አድርጋ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣
ፊደል በፊደል፣ አንዱን ካንዱ አስጠግታ፦
«ሀ… መ… መ… ለ… ሐ…»
ዝም ብዬ ሳያት፣ አንገቷን ብቅ አድርጋ፦
«አባየ፣ ልክ ነኝ?» አለች።