ምን ተሳነህ?

ስምህን ሳወጣ፣ «ምንተስኖት» ስልህ፣
የሚሳነው የለም ማለቴ ነበር፤
እነሆ ዘንድሮ፣ በአሥራ ስድስት ዓመትህ፣
ተሳነህ መነሣት፣ ተሳነህ የጫማህን ክር ማሰር።

እኔም በርህን በቡጢ ስመታ፣
«ምን ተሳነህ?» ስል፣ «በልተህ እያደርህ፣ ለብሰህ እየሄድህ!»
እንዲህ ነበር ልጄ፣ ጠዋትና ማታ
ባወጣሁልህ ስም መልሼ የሰደብሁህ።

የሽምብጧ ጥሩዓለም «ስልኩን ንጠቀው» አለች፤
አጎትህ «ጀልባ ላይ አውጣው፣ ጥጋቡን ይርሳ»፤
እናትህ ምሳህን ከድና፣ ከፍታ፣ ከድና ዋለች፤
ሳይነካ ተመለሰ ያ የምትወደው ዓሣ።

እኔ ነኝ፣ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ፣
ቤንዚኑ ውኃ ሲገባው ከሳሉ የምለይ፣ ያውም ከሩቅ፤
ከአንዲት ስስ ግድግዳ ወዲያ
ዝም ያለ ልጄን መስማት የተሳነኝ።

ጥቅምት ላይ እምቦጭ ነቃዮች አሳፍሬ
ወደ ፎገራ ዳር ተሻገርሁ።
ሐይቁ ከሩቅ የለመለመ መስክ ይመስላል፤
ሐምራዊ አበባ አውጥቷል፤
አንዱ እንግዳ ፎቶ አነሣና «እንዴት ያምራል!» አለ።
ከሥሩ ጨለማ ነው። ከሥሩ ዓሣው ትንፋሽ ያጥረዋል።
ሰዎቹ እስከ ደረታቸው ገቡ፤
በእጅ ነቀሉ፣ በትከሻ አወጡ።
ጣናን የተቆጣ አላየሁም፤
«ዓባይን የሚያህል ከጎንህ እየወጣ
ምን ጎደለህ፣ አንተ ሰነፍ!» ያለው የለም።
ጭቃዋን የምትጠርግ አንዲት ልጅ ጠየቅሁ፦ «ተነቅሎ ያልቃል?»
«ተመልሶ ይመጣል» አለች፤
«እኛም ተመልሰን እንመጣለን።»

በዚያ ምሽት በርህን አልመታሁም።
ግሪስ በጠጣ ሱሪዬ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥሁ፣
ጀርባዬን ለበርህ ሰጥቼ። ምክር አልያዝሁም።
መብራት ጠፋ። መብራት መጣ። አልተነሣሁም።
ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ በበሩ ሥር፣ ድምፅህ፦
«አባዬ፣ ደክሞኛል። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።»
«እኔም አላውቅም» አልሁህ።
ከዚያች ሌሊት በፊት
ይህን ቃል ለልጅ ተናግሬ አላውቅም።

ፈለገ ሕይወት ወረፋ ይዘን ገባን።
ሐኪሟ አንገቷን ደፍታ ጻፈች፦ ድባቴ።
ስንፍና ያልሁት፣ ጥጋብ ያልሁት፣
ለካ የራሱ ስም ነበረው።

ዛሬ ደጃፉ ላይ ተቀምጠህ
የግራ ጫማህን ክር አሰርህ፤
የቀኙን ይዘህ ቆየህ፣ ቆየህና ተውኸው።

ይሁን ልጄ።
ሐይቁ የትም አይሄድም።
የቀኙ ይደር።