ጥቁሩ ሲጠረግ

ትሪዬስቴ፣ የካቲት። ቦራ የሚሉት ነፋስ
ከተራራ ወርዶ ጣሪያ ሲያተራምስ፣
በጠባቡ ዳገት፣ ከዓሣ ሻጩ በላይ፣
የኒቬስ መስኮት ላይ መብራት በርቶ ሳይ፣
ገባሁ።
(ሙጫ የማፈላላት፣ ጨርቅ የማጥብላት ነኝ፤
ሦስት ዓመት ሙሉ ስሜን አጥርታ አልጠራችኝ።)

ወለሉ መሐል ላይ ቁም ሣጥን ተገትሯል፤
አንድ እግሩ አጥሮ በጡብ ተደግፏል፤
ነቀዝ የቀመሰው፣ ጠርዙ የተላጠ፣
አንዱ በሩ ቢዘጋ አንዱ ያፈጠጠ።

ያመጣው ሊቪዮ ነው፣ የወደብ ጡረተኛ፣
ለቃል ንፉግ የሆነ፣ ለዋጋ ሙግተኛ።
"ለብዱልኝ" አለ፤ "ከራሱ እስከ እግሩ፣
ብር መስሎ ይብረቅረቅ ጎኑም ጀርባውም በሩ፤
እንጨቱን አላየው፣
ጠባሳውን አላየው።"
"ለምን?" ስንለው ባርኔጣውን ደፋው።

ኒቬስ ቆርቆሮዋን ከጥቅሏ ዘረጋች፤
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በትንፋሽ ተንኮሻኮሸች።
ወፍራም ሱፍ አንጥፋ፣ በደረት አስተኝታ፣
ዱልዱም የአጥንት ብዕር ከጣሳው አንሥታ፣
ሐረግ ትስባለች፣ ወይን ከነዘለላው፤
ከጀርባ የጎደጎደው ነው ከፊት የሚወጣው።
ግልብጥ ነው ይህ ሥራ፤ ቀኙ ግራ ይሆናል፤
ማጉላት የሚፈልግ መጫን ይኖርበታል።
"ቀስ!" ትለኛለች፤ "ካለፍክ ይበሳል፤
ከፈራህ ደግሞ
ወይኑ ዘቢብ ሆኖ ይቀራል።"

በጎደጎደው ጀርባ ሰም አቅልጠን ሞላን፣
ክርን ቢያርፍበት እንኳ እንዳይደፈጠጥብን።
ሰሙ የእውነት ሰም ነው፤ ቤቱ ማር ማር ሸተተ።
ወርቁን አትጠይቁኝ፤
ከፋብሪካ ጥቅል በሜትር ተሸመተ።

ተራው የግራ ጎን ሆነ፤ ግድግዳ ሲደገፍ የኖረው፣
የማንም ዓይን ሳይደርስበት አቧራ የጠገበው።
ስጠርገው
እጄ ጭረት ነካ። አንድ አይደለም። እርከን ነው።
በሰንጢ የተቆረጠ፣ በጎኑ ዓመት የተጻፈ፤
ቁመት መለኪያ ኖሯል፣ ለሁለት ልጆች የተሰለፈ።
ሰባ አንድ፣ ሰባ ሁለት፤ "ሊቪዮ"ና "ዳርዮ"፣ ትከሻ ለትከሻ።
ሰባ ሦስት፤ ዳርዮ በጣት ስፋት በልጦ።
ሰባ አራት፤ ሊቪዮ ብቻ።
ሰባ አምስት፤ ማንም የለም፤
እንጨቱ ባዶውን፣ ለስልሶ፣ ተላጦ።

ኒቬስ መነጽሯን አወለቀች። ዝም አለች።
ውጭ ቦራ የአንድ ሰው ጃንጥላ ሰበረች።
ሸፍኑልኝ ብሏል፤ የሚከፍለውም እሱ ነው።
ዝም ብለን ብንለብደው ማን ነበር የሚያውቀው?

ሐረግ ያልነካውን ገላጣ ቆርቆሮ ቆርጣ፣
እርከኑ ላይ ለጥፋ፣ በአውራ ጣቷ ስታሸው ላቧ እስኪወጣ፣
ብረቱ አንድ በአንድ ጭረቱን ተቀበለ፤
አንገቱን ደፍቶ እንደ ሰማ ሰው፣ "እህ" እንዳለ።

ከዚያ ጥቁር ቀለም። ሁሉን አለበስነው፤
ወይኑን፣ ሐረጉን፣ የወር ልፋቱን ከሰል አስመሰልነው።
ከዚያ ጨርቅ። ጠረግን።
ጉብታው በራ፤ ጉድጓዱ ግን ጥቁሩን አልመለሰም፤
ሐረግ የሚታየው ጥቁር ሲቀር ነው፤ ሌላ ዘዴ የለም።

ሊቪዮ ቅዳሜ መጣ። ዞረው። በጣቱ ኳ ኳ አደረገው።
አሥር ዩሮ አስቀነሰ። የበሩን ወይን በመዳፉ ዳሰሰው።
ግራ ጎኑ ጋ ሲደርስ
ቆመ።
"እዚህ ጋ" አለ፣ ቆይቶ፣ "በደንብ አልተጠረገም።"
"እንግዲያው ጥረገው" አለችና ጨርቁን ሰጠችው።

ልክ ነበረች? አላውቅም። ዛሬም ሙጫ ሳፈላ አስበዋለሁ።
ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ ተንበረከከ፤
ፈተገ፤ ፈተገ፤
ዙሪያው እየበራ፣ ጭረቱ እየጠቆረ፣
እስከ ሰባ ሦስት፣
በከንፈሩ እየቆጠረ።